ከመጋረጃው በየት በኩል

ስቱዲዮአችን ስቶክሆልም፣ ብሬዴንግ ውስጥ፣ በአንድ የኪራይ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ቀድሞ የሕንፃው ሰው ልብሱን የሚያጥብበት ትቬትስቱጋ ነበር። የውሃ መውረጃው ዛሬም ከወለሉ መሀል አለ፤ የኤሌክትሪክ ገመዶቻችንን እሱን እያስዞርን ነው የዘረጋናቸው። ክረምት ላይ ማሞቂያው ሲሞቅ ቤቱ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሌላ ቦታ ፈልጊ የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ቁልፉን በተቀበልኩ ቀን ተንበርክኬ አመስግኜበታለሁ። ያመሰገኑበትን ቤት መናቅ አይሆንልኝም።

የምንሠራው ሦስት ነን። ሥዕሉን የምትሠራው ስዊድናዊት ናት። ድምፁን የሚሠራው የወሎ ሰው፣ ሙስሊም ነው። የቀረውን ሁሉ እኔ እሠራለሁ። ወሎዬው ለእንግዳ ሲያስተዋውቀን፣ «እሷ ትስላለች፣ እኔ እሰማለሁ፣ እታለም ደግሞ ኮምፒውተሩ እንዳይቆም ትጸልያለች» ይላል። ሐሰት አይደለም።

ሥራችን እንዲህ ነው። አንድ ሰው የደረሰበትን በራሱ ድምፅ ይነግረናል። ያ ነገር ሲሆን ካሜራ አልነበረም፤ ፎቶ እንኳ ያለው ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ የነገረንን እንስላለን፣ ሥዕሉንም እናንቀሳቅሳለን። ድምፁ የባለቤቱ፣ ታሪኩም እውነት ነው። ከፊልሞቻችን አንዳንዱ እንደማንኛውም ፊልም ተቀምጦ የሚታይ ነው። አንዳንዱ ግን በመነጽር ነው። መነጽር የምንለው የበረዶ ተንሸራታቾች ከሚያደርጉት የሚወፍር፣ ዓይንን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን ዕቃ ነው። እሱን ያደረገ ሰው ሥዕሉ ውስጥ ይገባል። ቀና ሲል ሰማዩን፣ ዞር ሲል ከኋላው ያለውን ያያል። እኔ ራሴ ማድረግ አልችልም፤ ሆዴን ያገላብጠዋል። የምንሠራውን የማየው ጠረጴዛ ላይ ባለው ስክሪን ነው።

እማማ የምንላቸው ባለታሪካችን የሚኖሩት ሃግሴትራ ነው፤ የአረንጓዴው መስመር ባቡር የሚያበቃበት። የምንተዋወቀው በቤተ ክርስቲያን ነው። ስዊድን ከገቡ ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አረጋውያንን ሲያጥቡና ሲያበሉ ኖረዋል። ዛሬ እሳቸውን ለመርዳት ከሄምትየንስት፣ ከቤት ለቤት እንክብካቤው ድርጅት፣ የሚመጡትን ልጆች የአልጋ አነጣጠፍ ያስተምሯቸዋል። ልጆቹም ይወዷቸዋል መሰለኝ፤ ሰዓታቸው ካለቀ በኋላ ቆይተው ሲያወሩ አግኝቻቸዋለሁ።

ታሪካቸውን የነገሩኝ ከቅዳሴ በኋላ ባቡር ስንጠብቅ ነው። ከጎንደር ገጠር ተነሥተው ወደ ሱዳን የሄዱት እሑድ ጠዋት፣ በቅዳሴ ሰዓት ነበር። መንደሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ስለሚውል፣ ነጭ ለብሳ የምትሄድን ሴት ወዴት ነሽ የሚላት የለም። መንገድ መሪው ከቅጥሩ ኋላ ይጠብቃቸው ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸውን አዝለዋል። እናታቸውም እዚያው ያስቀድሱ ነበር፤ ወሬ እንዳይወጣ ብለው ግን ለእናታቸው እንኳ አልነገሩም። መሪው ሲያፏጭ ቅዳሴው ሳያልቅ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ያችን ቤተ ክርስቲያን አላዩም፤ እናታቸውንም አላዩም።

ይህን በመነጽር እንሥራው ብዬ ጠየቅኳቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ራሳቸው ደወሉ።

«እሺ ብያለሁ» አሉኝ። «ፊቴን ብትፈልጉ ቀይሩት። ዓይኔን ግን አትቀይሩብኝ። ያላየሁትን አየች እንዳታሰኙኝ።»

ቃል ገባሁላቸው። ድምፃቸውን ቀዳን። ሰው የዚህን ያህል በጆሮው እንደሚያስታውስ አላውቅም ነበር። የከበሮውን፣ የጸናጽሉን፣ የዲያቆኑን ድምፅ፣ በየመሀሉ ደግሞ የሕፃናቱን ሳል ሁሉ ነገሩን። ወሎዬው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሰማቸው። የት ቆመው እንደነበር ግን ማናችንም አልጠየቅናቸውም።

ለሰዓሊዋ የቤተ ክርስቲያኑን አሠራር ያስረዳኋት እኔ ነኝ። ክብ ነው፣ በውስጡ ሦስት ክፍል አለው፣ የመጨረሻው መሀል ላይ ያለው ነው፣ መቅደስ ይባላል፣ በመጋረጃ የተጋረደ ነው፣ ከሁሉ የከበረ ቦታ ነው አልኳት። ካህናት ብቻ እንደሚገቡበት ነግሬያት እንደሆነ አላስታውስም። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ሁሉ ሲወለድ ይዞት የሚመጣ ይመስለኛል።

ሥዕሏ ያምር ነበር። ቀይ መጋረጃ አለ፤ ስስ ነው፤ የሻማ ብርሃን ያሳልፋል። ከመጋረጃው ወዲያ የሰዎች ጥላ ይንቀሳቀሳል፣ ጎንበስ ቀና ይላል። ስክሪኑ ላይ አይቼ እጅ ነሣሁ። ጥላዎቹ መቅደስ ውስጥ ያሉት ካህናት መሰሉኝ። ሴት ልጄም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎራ ብላ መነጽሩን አድርጋ አይታዋለች። በአማርኛ ስጠይቃት እንደ ልማዷ በስዊድንኛ መለሰችልኝ፤ ፊንት ነው፣ ቆንጆ ነው አለች። እኔም ቆንጆ ነው ብዬ ለእማማ ደወልኩ።

የመጡ ቀን ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ነበር። በሩ ላይ ቆመው ጫማቸውን መፍታት ጀመሩ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ይበርዳል፤ እዚህ ቤት ጫማ አይወለቅም፣ አይቸገሩ አልናቸው።

«ቤተ ክርስቲያን አይደል የምታስገቡኝ?» አሉና አወለቁ።

ከዚያ በኋላ ማን ጫማ አድርጎ ይቆማል። ወሎዬው አወለቀ፣ እኔ አወለቅኩ፣ ሰዓሊዋም እኛን አይታ አወለቀች። የወሎዬው ካልሲ ተረከዙ ላይ ተቀዶ ነበር።

«አንተ ወሎዬ» አሉት እማማ፣ «መልክህን አሳምረህ ተረከዝህን ረሳኸው?»

«እማማ፣ የወሎን ሰው ፊት ለፊት ነው የሚያዩት» አለ።

እንደዚህ እየሳቅን መነጽሩን አደረግንላቸው፤ ነጠላቸውን ከላይ መለስንላቸው። አማተቡ። ወሎዬው ድምፁን ከፈተ።

መጀመሪያ ወደ ቀኝ ዞሩ፣ ወደ ግራ ዞሩ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ።

«ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይሰግዳል» አሉ። «አውጡኝ። ልጄ፣ አውጡኝ።»

ሮጬ አወለቅኩላቸው። ግንባራቸውን አልቧቸው ነበር። ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸውና ምን እንዳዩ ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ። እኔ ከውጭ ወደ ውስጥ የምናይ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የቆምነው ከመጋረጃው ውስጥ ነው። ጥላዎቹ ካህናት ሳይሆኑ ምእመናን ናቸው፤ ጎንበስ ቀና የሚሉትም ወደ መቅደሱ ነው። እማማን ያቆምናቸው መቅደስ መሀል ነበር። ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው በመነጽር ቢያይ ወዲያው ያውቀዋል፤ በስክሪን ላየ ግን መጋረጃ ከወዲህም ከወዲያም መጋረጃ ነው።

ሰዓሊዋ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ፊቷ ቀላ። ድምፃቸውን የሰጡን እሳቸው ናቸው፣ ስለዚህ ከሁሉ የከበረውን ቦታ ለእሳቸው ሰጠሁ አለችኝ። ቲያትር ቤት ለክብር እንግዳ የሚሰጠውን ወንበር እያሰበች ነበር። ምን እላታለሁ? የከበረ ነው ያልኳት እኔው ነኝ።

እማማ ውሃ ጠጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። ጫማቸውን አድርገው በሩ ላይ ሲደርሱ ዞሩ።

«ድምፄን መልሱልኝ» አሉኝ።

በእኛ ቤት ሕግ ድምፅ የባለቤቱ ነው። መልሱ ካለ ይመለሳል። ድምፃቸው ከሌለ ደግሞ ፊልሙ የለም። ኡፕላንድስ ቬስቢ ውስጥ ባለ አንድ ቤተ መጻሕፍት ሊታይ ተቀጥሮ ነበር፤ ቀኑ እየቀረበ ነው። ግን እውነቱን ልናገርና የከበደኝ ይህ አልነበረም። ዓይናቸውን እንዳልቀይርባቸው ቃል አስገብተውኛል። እኔ ደግሞ ካህን እንጂ እሳቸው ሊያዩት የማይገባቸውን አሳየኋቸው። በሥዕልም ቢሆን። ለእሳቸው ሥዕል ብቻ ማለት የለም፤ ለእኔም የለም።

ማታ ለእመቤታችን ነገርኳት። ጠዋት ለወሎዬው ነገርኩት።

«ሽማግሌ እንላክ» አለኝ።

ማንን ብዬ ጠየቅኩት። አራት ዘመድ የሌለው ሰው ስቶክሆልም ላይ ሽማግሌ ከየት ያመጣል። እሱ ግን አስቦበት ነበር። አንዱ ሽማግሌ እኔ ነኝ አለ፤ ሁለተኛዋ ሰዓሊዋ ናት። ሙስሊምና ስዊድናዊት ሽማግሌ ሆነው ስለ መቅደስ ሊያስታርቁ! ሳቄ መጣ። እሱ ግን አልሳቀም። አገር ቤት ሳለን እስላሙ ክርስቲያኑን ያስታርቅ አልነበር እንዴ፣ ወሎ ብትሆኚ ይህ አይደንቅሽም አለኝ። «አብሽሪ» አለኝ ደግሞ፤ አይዞሽ ማለቱ ነው።

በባቡር ወደ ሃግሴትራ ስንሄድ ሰዓሊዋን አስጠናት። ሽማግሌ ቤት ገብቶ አይቀመጥም። ተቀመጡ ሲባል፣ የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም ይላል። የቀረበለትን አይቀምስም። እሺ ሲባል ይቀመጣል፣ ይበላል። ሰዓሊዋ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች፤ ቲ-ሴንትራለን ላይ ባቡር ስንቀይር አንድ ጊዜ አስደገማት፣ አልተሳሳተችም። እኔ ተከትዬ መጣሁ እንጂ ጥፋተኛ ስለሆንኩ አንዲት ቃል አልናገርም ተባባልን።

እማማ በሩን ከፈቱ። እኛን በሰልፍ ሲያዩ ነገሩ ገባቸው፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። ግቡ፣ ተቀመጡ አሉ። ወሎዬው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም እማማ፣ ብሎ ጀመረ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ግድግዳ ተጠጋሁ። እማማ ወደ ኩሽና ገቡና የሄል ሽታ ያለው ትኩስ ቡሌ፣ የስዊድኖቹን ጣፋጭ ዳቦ፣ በሳህን ይዘው መጡ፤ ለሰዓሊዋም በስዊድንኛ እንኪ አሏት።

ሰዓሊዋ አመስግና ተቀበለች። ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ገመጠች።

ወሎዬው አያት። እሷም አየችው። አፏ እንደሞላ ነገሩ ትዝ አላትና ከሶፋው ዘላ ተነሣች። ያን ጊዜ የያዘችውን የት እንደምታደርገው ጠፋት፤ ወደ ሳህኑ ልትመልሰው ስትል ወሎዬው በስዊድንኛ፣ የተገመጠ አይመለስም አላት። ስለዚህ ቀጥ ብላ፣ የተገመጠ ቡሌ በእጇ ይዛ፣ እንደ ወታደር ቆመች።

እማማ መጀመሪያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጡና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«እንዲህ ያለ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም» አሉ። «ተቀመጡ በሉ። ይቺ እንኳ በልታ ጨርሳለች።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ያዙኝ። ሽማግሌው እያለ አንቺ ምን አገባሽ አሉኝ። ወሎዬው ጉዳዩን ተናገረ፤ በእኔ ፈንታ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሰዓሊዋም በራሷ ቋንቋ ለክብርዎ ብዬ ነው አለች። እማማ ለእሷ በስዊድንኛ መለሱላት። ክብር በመቅረብ ብቻ አይደለም፣ በመራቅም ነው አሏት። ሰዓሊዋ ቡሌውን አስቀምጣ ወረቀትና እርሳስ አወጣች።

«ታዲያ እርስዎ የት ነበር የሚቆሙት?» አለቻቸው።

ይህን ነበር በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረብን። እማማ ልጅ የያዘች ሴት ውስጥ ገብታ አታውቅም አሉ፤ ልጅ ያለቅሳል፣ ቅዳሴ ያውካል። የሚቆሙት ግቢው ውስጥ፣ በሴቶቹ በር በኩል፣ ከአንዲት ወይራ ሥር ነው። ያን ቀንም እዚያው ነበሩ። እናታቸው ከፊታቸው፣ በሩ አጠገብ ነበሩ።

ከወይራው ሥር ምን ይታያል አለች ሰዓሊዋ።

«ግድግዳ» አሉ እማማ። «ግድግዳና የሰው ጀርባ። የእናቴን ጀርባ ነው ያየሁት። ሌላ ያየሁት የለም፤ የሰማሁት ነው።»

ወሎዬው ይህን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ቀና አለ። ለእሱ ከዚህ በላይ የምሥራች የለም። ግድግዳ አልፎ የሚመጣ ድምፅ ሌላ ነው እያለ እስከ ጣቢያው ድረስ አስረዳኝ። እማማ ግን ገና እሺ አላሉም ነበር። አይተው እንደሚወስኑ ነው የነገሩን። እስከዚያ ድምፃቸው እኛ ዘንድ አደራ ነው።

በተከታዩ እሑድ ወሎዬው ማይክሮፎኑን ይዞ እኛ የምናስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመ። ካህናቱን አስፈቅጄለታለሁ። ቅዳሴው ከሚጀመርበት እስከሚያልቅበት ድረስ፣ በብርድ፣ ውጭ ከግድግዳው ሥር ቀዳ። አርፍደው የመጡ አንድ አባት ጆሮውን በማዳመጫ ሸፍኖ አንገቱን ደፍቶ ሲያዩት አዘኑለት። ትከሻውን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ኃጢአት የሌለበት የለም፤ ግባ» አሉት። እሱም ዛሬ የምፈለገው ውጭ ነው አባቴ አላቸው። እሳቸው ይህን ትሕትና ሰምተው አመስግነው ገቡ። የቀዳው ድምፅ ላይ አለ፤ ስንሰማው እስከ ዛሬ እንስቃለን።

ሰዓሊዋ መቅደሱንም፣ መጋረጃውንም፣ የውስጡን ክፍል ሁሉ አወጣችው። ብዙ የደከመችበት ሥዕል ነው፤ አንድ ቃል አላማረረችም። በምትኩ የጭቃ ግድግዳ ሠራች። ወይራዋን ሠራች። የሰው ጀርባ ሠራች፣ ነጭ በነጭ። በመካከሉ አንዲት ጠበብ ያለ ትከሻ ያላት ሴት አለች፤ ፊቷ አይታይም። ይህን ጊዜ እኔም ሆዴ እንደፈለገ ይሁን ብዬ መነጽሩን አደረግኩ። ቀድሜ አማተብኩ። ራሴ ዞረ፤ ግን ዞሬ ዞሬ የቆምኩት ውጭ መሆኑን አየሁ። አወለቅኩና ተመስገን አልኩ፣ ከዚያ አየር ልወስድ ሮጬ ወጣሁ።

እማማ ተመልሰው መጡ። ጫማ ወለቀ፤ ወሎዬው አዲስ ካልሲ ገዝቶ ነበር፣ ተረከዙን አዙሮ አሳያቸው። ነጠላቸውን ወደ ኋላ መለስን፣ መነጽሩን አደረግን፣ ነጠላውን መልሰን ደረብን። ድምፁ ተከፈተ።

አላፈገፈጉም። ቀና አሉ፤ ወይራዋን ለማየት መሆን አለበት። ከዚያ ወደ ፊት ተመለከቱ፣ ከዚያም አልተንቀሳቀሱም። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ያዘለ ሰው እንደሚያደርገው፣ ከወገባቸው በላይ አቆላለፉ። ቀስ እያሉ ይወዛወዙ ጀመር።

ፊልሙ የሚያልቀው ከቅጥሩ ኋላ ፉጨት ሲሰማ ነው። ግድግዳው ይጠፋል፣ ጀርባዎቹ ይጠፋሉ፣ ጨለማ ይሆናል። አለቀ። እማማ ግን እንደቆሙ ናቸው። አልሰሙ ይሆን ብዬ ክንዳቸውን ነካሁ።

«እማማ፣ አልቋል።»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ያን ቀን እዚህ ላይ ነው የወጣሁት። ዛሬ ግን የሚያስቸኩለኝ የለም።»

ሰዓሊዋ ምን እንዳሉ በዓይኗ ጠየቀችኝ። በሹክሹክታ ተረጎምኩላት። ወሎዬው ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ። የእሑዱ ቅዳሴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሱ ዘንድ አለ፤ ፊልሙ የወሰደው ጥቂቱን ነው። ፊልሙ ካቆመበት ቀጥሎ ያለውን ከፈተላቸው። ሥዕል የለም፤ ጨለማና ድምፅ ብቻ። ከግድግዳ ኋላ ዜማው ቀጠለ።

ወንበር አቀረብኩላቸው፣ በእጃቸው መለሱት። ስለዚህ ማናችንም አልተቀመጥንም። በዚያ ሲሚንቶ ላይ፣ በካልሲ፣ ሁላችንም ቆመን ሰማን። ሰዓሊዋ ቃሉን አታውቅም፣ ለወሎዬውም የእሱ ጸሎት አይደለም፤ አንዳቸውም ሰዓት አላዩም። እማማ በሚሰገድበት ይሰግዳሉ፣ በሚመለስበት ይመልሳሉ። አንድ ቦታ ላይ፣ ቆሜበት ከነበረው ጥግ እንደሰማሁት፣ «እማዬ» አሉ። ከዚያ ሌላ ነገር ዝቅ አድርገው ተናገሩ፤ አልተጠጋሁም።

በመጨረሻ የዲያቆኑ ድምፅ መጣ፤ እትዉ በሰላም፣ በሰላም ግቡ። እማማ እስከ ወገባቸው ጎንበስ አሉ። አሜን አሉ። ራሳቸው መነጽሩን አወለቁና ለወሎዬው ሰጡት።

«እግዜር ይስጥህ» አሉት። «ድምፄ እናንተው ዘንድ ይሁን።»

እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር። ወሎዬው ደስ ብሎት፣ እንግዲያው መጨረሻውን እንዲህ እናድርገው፣ ሰው ሁሉ እስከ ስንብቱ ይስማ አለ። እማማ ጫማቸውን እያደረጉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይሆንም። ለሰዉ እኔ የወጣሁበት ላይ ቁረጡት። ያን ቀን አልሰማሁትም። የዛሬው የእኔ ነው።»

እንዳሉት ቆረጥነው። ኡፕላንድስ ቬስቢም የታየው እንደዚያው ሆኖ ነው፤ ፉጨቱ ሲሰማ ጨለማ ይሆናል፣ ሰዎቹ መነጽሩን ያወልቃሉ። ረጅሙ ለብቻው ተቀምጧል። እማማ ሲያሰኛቸው ከሃግሴትራ ደውለው ቤት አላችሁ ወይ ይላሉ። ትልቁን መብራት አጥፍተን እንጠብቃቸዋለን። እሳቸው በሚቆሙበት ሰዓት እኔ ስልክ አላነሣም፤ ከበሩ አጠገብ ቆሜ አብሬ አስቀድሳለሁ። በሥራ ቀን እንዲህ ያለ ሰዓት ለሰጠኝ ጌታ ምስጋና ይግባው።